ሞኬጓ ውስጥ የቲዋናኩ ሸክላ ሲገኝ፦ ሰፋሪ ነው ወይስ ንግድ? በምን ይለያል?

አፈርገላጭ ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ፔሩ፣ በሞኬጓ ሸለቆ የቲዋናኩ (ከኢንካ በፊት የነበረ የአንዲስ ተራሮች ሥልጣኔ) ዓይነት ሸክላ በገፍ ይወጣል። ሸለቆው ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ከተማ ቲዋናኩ ግን ከቲቲካካ ሐይቅ በስተ ደቡብ 3,850 ሜትር ላይ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የሚጻፈው ሁሉ «ቅኝ ሠፈራ» ይለዋል። ሸክላ ግን ይነገዳል፣ ይኮረጃልም። እንግዲህ፦
1. ሰዎቹ ራሳቸው ከደጋ መውረዳቸው በምን ይታወቃል?
2. የስትሮንቲየም ልኬቱ (ከአካባቢው ዐለት በምግብና በውሃ በኩል ወደ ጥርስ የሚገባው ንጥረ ነገር የ87/86 ምጥጥን) ለሞኬጓ ከ0.7059 እስከ 0.7066፣ ለቲቲካካ ደቡብ ከ0.7087 እስከ 0.7105 ተብሎ ተቀምጧል። ከሞኬጓ መቃብር የወጣ አንድ ጥርስ 0.7088 ቢያሳይ «ደገኛ» ብሎ መዝጋት ይቻላል?
3. በዚያው ሸለቆ የነበሩት ዋሪዎችስ (በዚያው ዘመን የነበረ የሌላው የአንዲስ መንግሥት ሰዎች)?

ምድጃና ጋን፦
ከ1 ልጀምር። ያማረውን ዋንጫ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉትና ድስቱን ይፈልጉ። ባለ ሥዕሉ ኬሮ (አፉ ሰፋ ያለው የመጠጫ ዋንጫ) በላማ (የአንዲስ የጭነት እንስሳ) ሲራራ ተጭኖ ሊመጣ ይችላል፤ ያገሬው ባላባትም ለክብሩ ሊገዛው ይችላል። ጥላሸት የለበሰ ተራ ድስት ግን 300 ኪሎ ሜትር ተሸክሞ የሚነግድ የለም። በሸለቆው ኦሞና ቼን ቼን በተባሉት ሥፍራዎች የሚወጣው ከዋንጫ እስከ ድስት፣ ከእንዝርት እስከ ወፍጮ ድንጋይ፣ ሙሉ የቤት ዕቃ በደጋው ዓይነት ነው። ቀብሩም ያንኑ ይናገራል፦ ሬሳው ጉልበቱ ታጥፎ፣ በሱፍ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ ይቀመጣል። ኦሞ ላይ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚወጡ ሦስት አደባባዮች ያሉት የቲዋናኩ ዓይነት ቤተ መቅደስ ተሠርቷል። ንግድ ቤተ መቅደስ አያስገነባም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አንትሮፖሎጂስቱ ጆን ሙራ በ1972 ያቀረበው የ«ቀጥ ያለ ደሴቶች» ሐሳብ (ደገኛው ሕዝብ በየቆላው የራሱን ሰዎች አስፍሮ በቆሎና ኮካ ያስመጣል የሚለው) ለእኛ ደጋና ቆላ ለለመድን አንባቢዎች ቶሎ ይዋጣል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ከማስረጃዎቹ ዋነኛው ስለ ቲቲካካው የሉፓቃ ሕዝብ በ1567 የተጻፈ የስፔን መዝገብ ነው። ቲዋናኩ ግን ከዚያ ከ500 ዓመት በላይ ቀድሞ የወደቀ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን እንደ መላ ምት እንጂ እንደ ማስረጃ አይጥቀሱት።

ሚሊግራም፦
2ን ለእኔ ተዉልኝ። መልሱ አይቻልም ነው፤ በተለይ ለ0.7088።

የባሕር ውሃ ልኬት 0.7092 ነው። ሞኬጓ ተወልዶ ያደገ ልጅ የባሕር ጨው፣ ዓሣና የባሕር አረም አዘውትሮ ከበላ ቁጥሩ ከ0.706 ተነሥቶ ወደ 0.709 ይሳባል። ይህ ደግሞ የደጋው ልኬት ከሚጀምርበት ጋር ይገጥማል። ኢሎ ወደብ ከሸለቆው ሩቅ ስላልሆነ ነገሩ በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። ከዚያው ሰው አጥንት ኮላጅን (የአጥንቱን ፕሮቲን) አውጥቶ ናይትሮጅን 15ን (ከባዱን የናይትሮጅን ዓይነት) ማየት ይረዳል፤ የባሕር ምግብ ከፍ ያደርገዋል። እሱም ወጥመድ አለው፤ በባሕር ወፍ ኩስ የዳበረ በቆሎም ናይትሮጅኑን ያንረዋል። ለዚህ ካርቦን 13ን አብሮ ማንበብ ግድ ነው፣ ምንም እንኳ በቆሎ ራሱ ካርቦኑን ወደ ባሕር ምግብ ጠጋ ቢያደርገውም። ኦክስጅን እንደሚያድን የሚያስቡ አሉ። ቲቲካካ በትነት የሚቀንስ ሐይቅ ስለሆነ ውሃው ከባድ ኦክስጅን አጠራቅሟል፤ ውሃ አፍልቶ መጠጥ መጥመቅም ልኬቱን ከፍ ያደርጋል። «ከፍታ ሲጨምር ኦክስጅን 18 ይወርዳል» የሚለው ደንብ እዚህ ያነክሳል።

ሁለተኛው ጉዳይ የትኛው ጥርስ ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው መንጋጋ ልባስ (ኢናሜል) ከልደት እስከ 3 ዓመት ገደማ ያለውን ብቻ ይመዘግባል። አጥንት ግን ዕድሜ ልክ ስለሚታደስ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳያል። ጥርሱ ደጋ፣ አጥንቱ ሞኬጓ ካለ ሰውየው ወርዷል። ሰፋሪዎች ሞኬጓ የወለዷቸው ልጆች ግን በጥርስም በአጥንትም «ያገሬው» ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ የአካባቢ ልኬት ማለት የአካባቢው ነባር ሕዝብ ማለት አይደለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የጥርስና የራስ ቅል ቅርጽ ንጽጽር ነው፤ የቼን ቼን ሙታን በዚህ ወደ ደገኞቹ ይቀርባሉ።

ሥራው ራሱ እንዲህ ነው፦ የልባሱን ላይኛ ገጽ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ፍቆ መጣል፣ ከሥሩ ከ3 እስከ 5 ሚሊግራም ዱቄት መውሰድ፣ በቀጭን አሴቲክ አሲድ ማጠብ፣ በናይትሪክ አሲድ ማሟሟት፣ ስትሮንቲየሙን በሬዚን አምድ መለየት፣ ከዚያ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትር። መሣሪያው የሚፈተሽበት መመዘኛ ናሙና ኤንቢኤስ 987 በ0.71025 አካባቢ ካልወጣ የዚያን ቀን ውጤት አይመኑ። ለአጥንት የካልሲየምና ፎስፈረስ ምጥጥን ከ2.1 ብዙ ከራቀ ወይም ዩራኒየም ከበዛ፣ የሚለካው የመቃብሩን አፈር ነው።

ምድጃና ጋን፦
ወደ 3 ስንመጣ፣ የዋሪዎቹ ሠፈር ሴሮ ባውል ነው። ከሸለቆው 600 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አናቱ ጠፍጣፋ አምባ። አናቱ ላይ ውሃ የለም፤ ሁሉም ነገር በሰውና በላማ ጀርባ ይወጣ ነበር። ዋሪዎች 600 ዓ.ም. ገደማ ሰፍረውበት ለ400 ዓመት ያህል የቲዋናኩ ጎረቤት ሆነው ኖሩ። ኦብሲዲያን (ለስለት የሚፈለጥ የእሳተ ገሞራ መስተዋት) ዋናው መለያ ነው፦ የዋሪዎቹ ከአልካ እና ከኪስፒሲሳ ምንጮች ይመጣል፣ የቲዋናኩዎቹ ግን ከቺቫይ። በእጅ በሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ስብርባሪውን ሳይጎዱ ይለዩታል። በጣም ቀጭን ፍልጥ ግን ጨረሩ አልፎት ስለሚሄድ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል።

ከሁሉ የሚደንቀው የጠመቃ ቤቱ ነው። መፍጫ፣ ማፍያና ማብላያ ክፍሎች አሉት፤ ጋኖቹ በአንድ ጊዜ 1,800 ሊትር ያህል ይይዙ ነበር ተብሎ ተገምቷል። ይጠመቅ የነበረው ቺቻ (የአንዲስ ጠላ) ከሞዬ ፍሬ ነው፤ እኛ ቁንዶ በርበሬ ብለን በየመንገዱ ዳር የምንተክለው ያው ዛፍ። የሞዬው ፍሬ ግን አይፈጭም፤ ከተፈጨ ሙጫው ወጥቶ ይመራል። በሙቅ ውሃ ታሽቶ በልጣጩና በፍሬው መካከል ያለው ጣፋጭ ብቻ ይወሰዳል። ቆፋሪም የሚለየው በዚህ ነው፦ ከዛፍ የረገፈ ፍሬ ሙጫው እንዳለ ነው፣ ከጠመቃ የተጣለው ግን ተራቁቶ በአንድ ቦታ በሺዎች ይከማቻል። ወለሉ ላይ የተገኙት የነጠላ መርፌዎች (ቱፑ) ጠማቂዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ይጠቁማሉ። ቦታው ሲለቀቅ ቤቱ ተቃጥሏል፤ ዋንጫዎቹም እሳቱ ውስጥ ተሰብረው ተገኝተዋል።

አፈርገላጭ፦
እግዜር ይስጥልኝ። 0.7088ን ከጽሑፌ አወጣዋለሁ። ለካርቦን 14 የዕድሜ ልኬት ከሁለቱም ሠፈራ ምን ይመረጣል? ከምሰሶ እንጨት?

ሚሊግራም፦
ምሰሶ አይሁን። በዚያ በረሃ እንጨት ለዘመናት ሳይበሰብስ ስለሚቆይ አሮጌ ምሰሶ ደጋግሞ ይሠራበታል፤ ቤቱን ሳይሆን ዛፉን ይለካሉ። በቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የሞዬ ፍሬ ይውሰዱ፤ የአንድ ዓመት ዕድሜ ነው ያለው። ያልከሰለና የደረቀ ከሆነ በውሃ አያንሳፍፉት፣ ይሰነጠቃል፤ በደረቅ ወንፊት ይለዩት። ዕድሜውንም በደቡብ ንፍቀ ክበብ ሰንጠረዥ ያስሉ፤ በሰሜኑ ካሰሉት በጥቂት አሥርት ዓመታት ያረጃል። ከላይ የዋይናፑቲና እሳተ ገሞራ አመድ ካገኙ ደግሞ ዕድለኛ ነዎት፦ የካቲት 1600 የወረደ ስለሆነ፣ ሳይነካ ከሥሩ የተገኘ ሁሉ ከዚያ ይቀድማል።