የተበየደ ራም፣ የጠፋ የኔትወርክ መሰኪያ፦ አዲሱን የጌም ላፕቶፕ ልመልሰው ወይስ ጉድለቱን በአዳፕተር ልሙላ?

ጠያቂ፦

ውድ አባላት፣ ለ7 ዓመታት ስጠቀምበት የቆየሁት የጌም ላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፑ ስለተበላሸ በቅርቡ አዲስ ገዝቻለሁ። አሮጌው 2 የራም ስሎቶች፣ ለ2.5 ኢንች ዲስክ የሚሆን ቦታ፣ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ እና የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ነበረው። በ8 ጊጋባይት ራም ገዝቼው ቀስ በቀስ እስከ 32 ጊጋባይት አሳድጌዋለሁ፤ ዕድሜው የረዘመልኝም በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

አዲሱ በፕሮሰሰርም ሆነ በግራፊክስ ጉልበት ከአሮጌው እጅግ ይበልጣል። ይሁን እንጂ የጀርባ ክዳኑን ከፍቼ ስመለከተው 16 ጊጋባይት ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ይመስላል፣ ተጨማሪ ስሎትም አላየሁበትም። ለኤስኤስዲ (ፋይሎች ለሚቀመጡበት ፈጣን ማከማቻ) ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው። የኔትወርክ ኬብል መሰኪያውና የካርድ ማንበቢያው የሉም። ማታ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ ያስቀመጥኩት ላፕቶፕ ጠዋት ሳወጣው ሞቆ፣ ባትሪውም ከግማሽ በታች ወርዶ አገኘሁት። በአሮጌው ላይ ሙቀት ለመቀነስ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ዝቅ አደርግ ነበር፤ በዚህኛው ላይ ግን ማስተካከያው ተቆልፏል። የከፈልኩት ገንዘብ ከቀድሞው በልጦ ሳለ ያገኘሁት ነገር በዚህ ሁሉ ማነሱ በጣም አሳዝኖኛል።

ዕቃውን ለመመለስ ከተፈቀደልኝ ጊዜ 9 ቀናት ይቀሩኛል። ከእነዚህ ጉድለቶች መካከል በአዳፕተር ወይም በቅንብር የሚስተካከሉት የትኞቹ ናቸው? ለመመለስ በቂ ምክንያት የሚሆነውስ የትኛው ነው?

ላፕቶፕ ጠጋኝ፦

ከውጭ የሚሰካ ነገር ቢጎድል በኬብልና በአዳፕተር ይተካል፤ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደው ግን ላፕቶፑ እስካለ ድረስ እንደዚያው ይኖራል። ስለዚህ የቀሩዎትን ቀናት በዋናነት ራሙን ለመመርመር ቢያውሏቸው ይሻላል።

በመጀመሪያ ራሙ በእርግጥ የተበየደ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ስሎቱ በብረት ሽፋን ስር ስለሚደበቅ በዓይን ብቻ መፍረድ ያሳስታል። የዊንዶውስን ታስክ ማናጀር ከፍተው «ፐርፎርማንስ» ከሚለው ገጽ «ሜሞሪ» የሚለውን ሲመርጡ ከታች «ፎርም ፋክተር» የሚል መስመር ያገኛሉ። እዚያ ላይ «ሶዲም» ከተጻፈ ራሙ የሚነቀል ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ከተጻፈ ግን የተበየደ ነው።

ራም የሚበየድበት ቴክኒካዊ ምክንያት እንዳለ መካድ አይገባም። ኤልፒዲዲአር5ኤክስ የተባለው ዓይነት በዝቅተኛ ቮልቴጅና በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚሠራ በእሱና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው መስመር አጭር መሆን አለበት፤ የሶዲም ስሎት ደግሞ መስመሩን ያረዝመዋል፣ ሲግናሉንም ያዳክመዋል። በስሎት የሚሰካው ዲዲአር5 በላፕቶፖች ላይ በብዛት በሰከንድ 5600 ሚሊዮን ጊዜ መረጃ ሲያስተላልፍ፣ የተበየደው 7500 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ነገር ግን የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ በተገጠመበት የጌም ላፕቶፕ ላይ ከዚህ የፍጥነት ልዩነት ይልቅ የራሙ መጠን ማነስ የበለጠ ይሰማል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ጥቂት ፍሬሞች (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች) ይቀንሳሉ፣ መጠኑ ካነሰ ግን ጌሙ ይቆራረጣል።

መጠኑ ይበቃዎት እንደሆነ ለማወቅ ከሚጫወቷቸው ጌሞች ከባዱን፣ ከጎኑ የሚከፍቱትን ብራውዘርና የድምፅ መነጋገሪያ ጨምረው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይጫወቱ። ከዚያ በዚያው የሜሞሪ ገጽ «ኢን ዩዝ» (አሁን የተያዘው ራም) እና «ኮሚትድ» (ፕሮግራሞቹ በጠቅላላ የጠየቁት ሜሞሪ) የሚሉትን ቁጥሮች ይመልከቱ። የመጀመሪያው ራሙን ሊሞላው ከተቃረበና ሁለተኛው ከ16 ጊጋባይት በእጅጉ ካለፈ፣ ዊንዶውስ ትርፉን ወደ ኤስኤስዲው እያዛወረ ለመሥራት ተገድዷል ማለት ነው። ዛሬ ይህ ከታየ ከ3 ዓመት በኋላ በሚወጡ ጌሞች ይብስበታል፤ መፍትሔ የሚሆን ስሎት ደግሞ የለም።

የኦንላይን ተጫዋች፦

ስለ ኔትወርክ መሰኪያው እኔ ልመልስልዎት። መደበኛው አርጄ-45 መሰኪያ ከፍታው ከ1 ሴንቲሜትር በላይ ስለሚሆን የላፕቶፑ ጠርዝ በቀጠነ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነው። ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ ኬብል የሚቀይር አዳፕተር ይህን ጉድለት በአጥጋቢ ሁኔታ ይሞላል፤ ለብዙ ወራት ስጠቀምበት ከቀጥታ መሰኪያ የሚለይበትን ነገር አላስተዋልኩም። የ1 ጊጋቢትም ሆነ የ2.5 ጊጋቢት አዳፕተር ቢገዙ ቢያንስ 5 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ የዩኤስቢ መሰኪያ ላይ ይሰኩት፤ ዩኤስቢ 2.0 ላይ ከሰኩት ጣሪያው 480 ሜጋቢት ነው፣ በተግባር የሚያገኙት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከተቻለ በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሁን፤ ማከፋፈያው ላይ የውጭ ዲስክም ከተሰካ ሁለቱ አንድ መስመር ይሻማሉ።

አዲሱ ዋይፋይ ኬብልን አላስፈላጊ አድርጎታል የሚሉ አሉ። ፋይል በማውረድ ረገድ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በኦንላይን ጨዋታ ላይ ግን የሚጎዳው አማካይ ፍጥነቱ ሳይሆን የፒንጉ፣ ማለትም መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ መዋዠቅ ነው። የዋይፋይ መሣሪያዎች አንዱን የሬዲዮ ሞገድ በየተራ ስለሚጠቀሙ፣ ሌላ ሰው ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ሲከፍት የእርስዎ መልእክት ተራ ይጠብቃል። ኬብል ላይ ይህ የለም። መሰኪያውን ከጌም ላፕቶፕ ላይ ያነሱ አምራቾች ለማን ብለው እንዳነሱት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሚሞሪ ካርዱን በተመለከተ ትንሽ የዩኤስቢ ማንበቢያ ይበቃዎታል።

ቀጭን ላፕቶፕ ተጠቃሚ፦

በራሙ ላይ የተሰጠውን ምክር ብቀበልም፣ የተነሳ ነገር ሁሉ እንደ በደል መቆጠሩን አልደግፍም። የ2.5 ኢንች ዲስክ ቦታን እንውሰድ። ሳታ በተባለው የቆየ የዲስክ መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፤ ፒሲአይኢ 4.0 የተባለውን ፈጣን መስመር የሚጠቀመው፣ ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ቀጭን ኤም ዶት 2 ኤስኤስዲ ግን እስከ 7000 ሜጋባይት ያነባል፣ ስፋቱም 22 በ80 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በዚህ የተረፈው ቦታ ለባትሪና ለማቀዝቀዣ ውሏል። ያለ ልዩ ፈቃድ በአውሮፕላን ይዞ መግባት የሚቻለው እስከ 100 ዋት-ሰዓት የሚደርስ ባትሪ ነው፤ ብዙ የጌም ላፕቶፖች ወደዚህ ጣሪያ ሊጠጉ የቻሉት ውስጣቸው ባዶ ቦታ ስለተገኘ ነው። እኔ ቀን ቀን ሥራዬን የምሠራው በዚያው ላፕቶፕ ስለሆነ ይህን ለውጥ በየቀኑ አመሰግነዋለሁ።

የአሮጌው ላፕቶፕዎ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ከሳታ ወደ ዩኤስቢ በሚቀይር የዲስክ ኬዝ ውስጥ አስገብተው እንደ ውጭ ዲስክ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ላፕቶፕ ጠጋኝ፦

የ2.5 ኢንቹን ቦታ በተመለከተ እስማማለሁ፤ በምትኩ ሁለተኛ የኤም ዶት 2 ስሎት ሳይሰጡ መቅረታቸው ግን ምክንያት የለውም። ቀጭን ሆኖ ራሙ የሚቀየር ላፕቶፕ አይሠራም የሚለው ክርክርም ዛሬ አያስኬድም። የሜሞሪ ደረጃ የሚያወጣው ጄዴክ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023 ካም2 የተባለውን ደረጃ አሳትሟል፤ በብሎን የሚታሰር ጠፍጣፋ ሞጁል ሲሆን፣ ኤልፒካም2 የተባለው ዓይነቱ ያንኑ ፈጣኑን ኤልፒዲዲአር5ኤክስ ይሸከማል። ከ2024 ጀምሮ ለገዢዎች የደረሰው ፍሬምወርክ ላፕቶፕ 16 ደግሞ ራሙን ብቻ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱንም በሞጁል እንዲቀየር አድርጎታል። ስለዚህ ብየዳው አምራቾች የመረጡት መንገድ እንጂ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ የተገባበት አይደለም።

የባትሪ ጉዳይ ያስቸገረው፦

ቦርሳ ውስጥ የሞቀው ላፕቶፕዎ አልተበላሸም። ቀድሞ ክዳን ሲዘጋ የሚሠራው ኤስ3 የተባለው የእንቅልፍ ሁኔታ ነበር፤ ራሙ ብቻ ጥቂት ኃይል እያገኘ ሌላው በሙሉ ይጠፋ ነበር። አሁን በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ እሱ ተነስቶ ሞደርን ስታንድባይ ተተክቷል፤ ላፕቶፑ እንደ ስልክ በከፊል ነቅቶ ስለሚቆይ አንድ ፕሮግራም ወይም ማሻሻያ በመሃል ሊቀሰቅሰው ይችላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ከፓወር ኦፕሽንስ ገብተው፣ ክዳኑ ሲዘጋ የሚሆነውን ከ«ስሊፕ» ወደ «ሃይበርኔት» ይቀይሩት። ያን ጊዜ የራሙ ይዘት ኤስኤስዲው ላይ ተጽፎ ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ለመነሣት ጥቂት ሰከንዶች ይጨምራል፣ ቦርሳ ውስጥ ግን አይሞቅም።

ሙቀት ቀናሽ፦

የቮልቴጁ መቆለፍ ታሪክ አለው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2019 የበርሚንግሃም፣ የግራዝና የሉቨን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ፕለንደርቮልት ብለው የሰየሙትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። የኢንቴልን ፕሮሰሰር ቮልቴጅ በሶፍትዌር ዝቅ በማድረግ ስሌት እንዲሳሳት ማድረግ፣ በዚያም ኤስጂኤክስ በተባለው የተከለለ ክፍል ውስጥ ያለን ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። ኢንቴል ማስተካከያ ሲያወጣ ብዙ የላፕቶፕ አምራቾች በባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው መሠረታዊ ሶፍትዌር) ማሻሻያ አማካይነት ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግን ዘጉት። በጣም የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ኢንቴል ኤስጂኤክስን ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ከኮር ፕሮሰሰሮቹ አንስቶታል፣ ቁልፉ ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ እንደተዘጋ ቀርቷል። የሚጠበቀው ዕቃ ከቤት ወጥቶ በሩ ተቆልፎ ኖረ ማለት ነው።

በባዮስ ቅንብር ውስጥ ቮልቴጅን የሚመለከት ምርጫ እንዳለ ይፈትሹ፤ ስማቸው በ«ኤችኤክስ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ባሏቸው አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ክፍት ሆኖ ይገኛል። ካልተገኘ ቁልፉን ለመስበር ወደ አሮጌ ባዮስ መመለስን አልመክርዎትም፤ ሙከራው ከከሸፈ ላፕቶፑ ላይነሣ ይችላል፣ የመመለስ መብትዎንም አደጋ ላይ ይጥላል። ከዚያ ይልቅ የግራፊክስ ካርዱን ቮልቴጅ ይቀንሱ። በአፍተርበርነር ፕሮግራም የቮልቴጅና የፍጥነት መስመሩን ማስተካከል በብዙ የኤንቪዲያ ላፕቶፖች ላይ ዛሬም ይሠራል፤ በጌም ጊዜ ከፍተኛውን ሙቀት የሚያመነጨውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። የፍሬም ብዛቱን ስክሪንዎ ከሚያሳየው በላይ እንዳይሄድ መገደብ፣ የላፕቶፑንም የኋላ ክፍል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የፈራሁትን ያህል ሙቀት እንዳላይ ረድቶኛል።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ታስክ ማናጀሩ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ይላል። በምክሩ መሠረት አንድ ሰዓት ተጫውቼ ስመለከት «ኢን ዩዝ» 14.6 ጊጋባይት፣ «ኮሚትድ» ደግሞ 24 ጊጋባይት ደርሶ ነበር፤ ወደ አዲስ ቦታ በገባሁ ቁጥርም ምስሉ ለአፍታ ይቆማል። ሃይበርኔቱ የባትሪውን ችግር ፈትቶልኛል፣ ለኔትወርኩ አዳፕተር ብገዛ ቅር አይለኝም ነበር። በራሙ ምክንያት ግን ልመልሰው ወስኛለሁ። ቀጣዩን ስመርጥ ሳልከፍተው እንዴት አውቃለሁ?

ላፕቶፕ ጠጋኝ፦

ውሳኔዎ ትክክል ነው። የማስታወቂያውን ገጽ ትተው የአምራቹን የጥገና መመሪያ ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል፣ የእያንዳንዱን ክፍል አወጣጥም በሥዕል ያሳያል። ራም እንዴት እንደሚወጣ የሚያሳይ ምዕራፍ ከሌለው ራሙ የማይወጣ ነው ብለው ይውሰዱት። ዝርዝሩ ላይ «ኦንቦርድ» ወይም «ኤልፒዲዲአር» የሚል ቃል ካዩ ይለፉት፤ «2 ሶዲም ስሎት» ከሚለው አይውረዱ። አንድ የሞዴል ስም በየዓመቱ ሌላ ማዘርቦርድ ስለሚይዝ፣ ስሙን ሳይሆን ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ያነጻጽሩ።

የኦንላይን ተጫዋች፦

የግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ ከላፕቶፑ ስክሪን ጋር የሚያገናኘው መክስ ስዊች መኖሩንም ይጠይቁ። እሱ ከሌለ የግራፊክስ ካርዱ የሠራው ምስል ወደ ላፕቶፑ ስክሪን የሚደርሰው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ በኩል አልፎ ስለሆነ ፍሬም ይቀንሳል። የውጭ ስክሪን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኤችዲኤምአዩ ወይም ዩኤስቢ-ሲው ከየትኛው ግራፊክስ ጋር እንደተገናኘ ይወቁ፤ በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፊዝኤክስን (የኤንቪዲያን የጌም ፊዚክስ ስሌት) የሚመለከተው ገጽ ይህን በሥዕል ያሳያል።

ጠያቂ፦

2 የሶዲም ስሎትና 2 የኤም ዶት 2 ስሎት ያለው አንድ ሞዴል አግኝቻለሁ፤ ውፍረቱ ከመለስኩት በ5 ሚሊሜትር ይበልጣል፣ የኔትወርክ መሰኪያም አለው። የጥገና መመሪያውን አውርጄ የራሙን ምዕራፍ አይቻለሁ።

ላፕቶፕ ጠጋኝ፦

መልካም። የመጀመሪያውን ከማስረከብዎ በፊት ፋይሎችዎን ይገልብጡ፣ ከአካውንትዎ ይውጡ፣ ዊንዶውስን «ሁሉንም አጥፋ» በሚለው ምርጫ ዳግም ያስጀምሩት፤ ኤስኤስዲውን ቀይረው ከነበረም የመጣበትን መልሰው ይግጠሙበት።