ትርፉን ኬብል ልቁረጠው ወይስ ልጠቅልለው?

ጀማሪው (ሜሪላንድ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣሁ ገና 4 ወሬ ነው። ለ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ) ዳይፖል፣ ማለትም ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና ሠርቼ ከቤቱ ጀርባ ዛፍ ላይ ሰቅያለሁ፤ እያንዳንዱ ክንድ 5 ሜትር ገደማ ነው። ሕልሜ የአዲስ አበባውን የአምስት ኪሎ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤን መስማት ነው። ችግሬ ኬብሉ ነው። ለአንቴናው 12 ሜትር ይበቃ ነበር፣ እኔ ግን አርጂ 58 የሚባለውን ቀጭን የአንቴና ኬብል 30 ሜትር ገዛሁ። ትርፉን ጠቅልዬ ጠረጴዛ ሥር አስቀመጥኩት፣ ኤስ ደብሊው አሩ (ከአንቴናው ስንት ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር፤ 1 ከሆነ ምንም አይመለስም) 1.4 ነበር። ጥቅሉን ፈትቼ ወለል ላይ ስዘረጋው 1.9 ገባ! ትናንት ማታ ደግሞ እያወራሁ ማይክሮፎኑ ከንፈሬን ነዘረኝ። አንድ ወዳጄ «ኬብሉ የግማሽ ሞገድ ርዝመት ብዜት መሆን አለበት» ይላል። ስንት ላይ ልቁረጠው?

ሽቦ ለሽቦ፦ ቁረጠው እንጂ ምን ትጠብቃለህ! አርጂ 58 በ14 ሜጋኸርዝ በ100 ሜትር 5 ዴሲቤል (የኃይል መዳከም መለኪያ) ያህል ይበላል። በ30 ሜትር 1.5 መሆኑ ነው፤ ከ100 ዋትህ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 70 ገደማ። 12 ሜትር ቢሆን 87 ይደርስ ነበር። በ2 ሜትር ባንድማ አታንሣው፣ 30 ሜትሩ ሩብ ብቻ ነው የሚያሳልፍልህ።

ጋሽ አንቴና፦ ልጄ፣ መቀሱን አስቀምጥ። የወዳጅህን ነገር አስቀድመን እንጨርስ። በዚህ ኬብል ውስጥ ሞገድ በአየር ላይ ካለው ፍጥነት በ0.66 ነው የሚሄደው፤ ግማሽ ሞገዱ 7 ሜትር ገደማ ይመጣል። ብዜቱን ብትጠብቅ የአንቴናው ኢምፒዳንስ (ለሞገዱ ያለው ተቃውሞ) እንዳለ ሬዲዮው ጋ ይደገማል እንጂ አይሻሻልም። መጥፎ ከሆነ መጥፎነቱ ነው የሚደገመው።

ኬብል ስታንቀሳቅስ ኤስ ደብሊው አር የሚቀየረው የኬብሉ የውጭ ሽፋን (ከፕላስቲኩ ሥር ያለው የሽቦ ጥልፍ) ራሱ ስለሚያሰራጭ ነው። ሳታውቀው ለዳይፖልህ ሦስተኛ ክንድ ሰጥተኸዋል፣ የክንዱ ጫፍ ደግሞ አንተ እጅ ላይ ነው። ከንፈርህን የነዘረህ እሱ ነው።

ሽቦ ለሽቦ፦ ማይክሮፎኑን ዘልዬ ነው ያነበብኩት ለካ። ጋሼ ልክ ናቸው።

ጀማሪው፦ ታዲያ ጥቅሉ ራሱ ነው ያበላሸው?

ጋሽ አንቴና፦ የውስጡ ሞገድ ኬብሉ ተጠቀለለ አልተጠቀለለ አያውቅም። የውጩን ግን መጠቅለል ያግተዋል፤ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው። ከኬብሉ በአንቴናው በኩል ካለው ጫፍ 2.5 ሜትር ያህሉን በ10 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ 8 ዙር ጠምጥም፣ ልክ ዳይፖሉ የሚመገብበት ቦታ ላይ። ዙሮቹን ጎን ለጎን ደርድራቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይወጣ። ከዚያ ለካ፣ ከዚያ ቁረጥ።

የጓሮ ሬዲዮ፦ ኬብሉ የሚጠመጠምበት ዓይነት 31 የፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ካገኘህ ከቧንቧው ይሻላል፣ ዋጋው ቢመርም። ደግሞ ረጅም ኬብል ኤስ ደብሊው አርን ያሳምራል፣ የሚመለሰውን ኃይል መንገድ ላይ ስለሚበላው። ስትቆርጠው ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ቢል እንዳትደነግጥ፤ እውነቱ ያ ነው።

ጀማሪው፦ ቅዳሜ ጠመጠምኩት። አሁን ኬብሉን ብረግጠውም ብዘረጋውም 1.5 ላይ ቆሟል፣ ማይክሮፎኑም ጨዋ ሆኗል። 16 ሜትር ላይ ቆረጥኩት፤ ጥምጥሙንና ለዝናብ ውኃ መንጠባጠቢያ ቤት ከመግባቱ በፊት ያለውን እጥፋት ቆጥሬ ነው። ኢቲ3ኤኤን ገና አልሰማሁም። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሽ አንቴና፦ አብሮ ይስጠን። ውጭ ያለውን ኮኔክተር ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልለው። ውኃ አንዴ ከገባ ኬብሉ አይድንም።