በሳህን ላይ ሰፊ ቀለበት የሚያሳይ ባክቴሪያ በፈሳሽ ውስጥ ኢንዛይም የሚነፍገኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
በጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ካለ የከብት በረት ጓሮ፣ እበትና የጤፍ ጭድ ለረጅም ጊዜ አብረው ከበሰበሱበት የፍግ ክምር ናሙና ወስጄ፣ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ የእንቅልፍ ቅርጽ) የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ብቻ እንዲተርፉ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ10 ደቂቃ አሞቅሁት። የተረፉትን ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ (በውሃ የሚሟሟ የሴሉሎስ ዓይነት) ባለበት አጋር (ጄል መሰል የባክቴሪያ ማሳደጊያ) ላይ አሳድጌ ኮንጎ ሬድ የተባለውን፣ ሴሉሎስን የሚያቀልም ቀይ ቀለም ሳፈስባቸውና በጨው ውሃ ሳጥባቸው፣ አንደኛው ዙሪያውን ሰፊና ጥርት ያለ ቀለበት፣ ማለትም ሴሉሎሱ የተቆራረጠበትን ቦታ፣ አሳየ። በፈሳሽ ምግብ ሳሳድገው ግን፣ ቶሎ እንዲራባ 1 በመቶ ግሉኮስ ጨምሬለት ፈሳሹ በደንብ ቢደፈርስም፣ የተገኘው ሴሉሌዝ (ሴሉሎስን የሚቆራርጠው ኢንዛይም) ከምንም የሚቆጠር አይደለም። የተሳሳትኩት የት ላይ ነው?

1ኛ መልስ፦
ጥፋቱ የግሉኮሱ ይመስለኛል። ባክቴሪያው ሴሉሌዝ የሚያመነጨው ጭዱን ቆራርጦ ስኳር ለማግኘት ነው፤ የተዘጋጀ ስኳር ከቀረበለት የኢንዛይሙን ዘረ መል ሥራ ያግዳል፤ ስለዚህ የፈሳሹ መደፍረስ የሴሉን ብዛት እንጂ የኢንዛይሙን ብዛት አይነግርዎትም። በግሉኮሱ ምትክ የስንዴ ፉርሽካ ወይም ታጥቦ የተፈጨ የጤፍ ጭድ ይስጡት፤ ናሙናም በየ12 ሰዓቱ እስከ 72 ሰዓት ይውሰዱ።

2ኛ መልስ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፉርሽካው ራሱ ስኳር ስለሚለቅ፣ በዲኤንኤስ ዘዴ (ስኳርን በቀለም ለውጥ በሚለካው ዘዴ) በ540 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የሚለኩት ኢንዛይሙ ያወጣውን ብቻ አይሆንም። ከዚያው ፈሳሽ ጥቂቱን አፍልተው ኢንዛይሙን ካጠፉ በኋላ ጎን ለጎን ይለኩና ከውጤቱ ይቀንሱ፤ ይህ ያልተደረገበትን ልኬት እኔ በግሌ አላምነውም። የቀለበቱ ስፋትም ኢንዛይሙ በአጋሩ ውስጥ የሚሰራጭበትን ፍጥነት ጭምር ስለሚያሳይ፣ ለመምረጥ እንጂ ለመለካት አይበቃም። ኮንጎ ሬድ ካንሰር ያስከትላል ተብሎ የሚፈራ ቀለም ስለሆነ ያለ ጓንት አይንኩት።

3ኛ መልስ፦
ፉርሽካ ከተጠቀሙ በሙቀት ሲያመክኑት የከተማችንን ከፍታ አይርሱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ የሚሰጠው የኦቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚያመክን ማሽን) ግፊት መለኪያ ንባብም እዚህ ከ117 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ፉርሽካው የራሱን የባሲለስ (ስፖር ሠሪ የባክቴሪያ ወገን) ስፖሮች ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ያረጋግጡ፤ ባክቴሪያ ያልተጨመረበት አንድ ፍላስክም አብረው ያስቀምጡ። እርሱ ከደፈረሰ፣ የሚለኩት የሌላ ባክቴሪያ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀለሙን ከማፍሰሴ በፊት በሌላ ሳህን ቅጂ አስቀርቼ ስለነበር ባክቴሪያው በእጄ አለ። ግሉኮስ የተጨመረበትን፣ ፉርሽካ ብቻ ያለበትንና ያልተዘራበትን ፍላስክ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ የማገኘውን ልኬት እዚሁ እጽፋለሁ።