ለውሻችን ሐኪም መምረጥ አቃተን፤ እስቲ ምከሩን

ሰላም ወገኖች። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ዓመት ያለፋት ሴት ውሻ አለችን። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን ማደስ አለብን። ማስመከንም እንፈልጋለን። አጥራችን ዝቅ ያለ ስለሆነ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በራችን ላይ ነው የሚያድረው።

ጭንቀታችን ማንን እንመን የሚለው ነው። ጎረቤቶች ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ጠቆሙን። ትሁት ሰው ነው፣ ዋጋውም አይጎዳም። ግን ክትባቱን በፌስታል ይዞ መጣ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። በረዶውስ ስለው "ችግር የለውም" አለኝ። አላስወጋኋትም። በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም፤ ቤታችን ውስጥ ልጆች አሉ።

ቀዶ ሕክምናው ደግሞ ይብሳል። ሴት ውሻ የምትመክነው ሆዷ ተከፍቶ ነው፤ ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ብዙ ሐኪሞቻችን ልምድ ያካበቱት በከብትና በበግ ነው (አይፈረድም፣ አገሩ የከብት አገር ነው)። እኔ ግን ውሻ ደጋግሞ የሠራ ሰው ነው የምፈልገው። ባለቤቴ ቢሾፍቱ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንውሰዳት ትላለች። እኔን የሚያሳስበኝ ቁስሏ ሳይደርቅ በመኪና መመለሷ ነው።

እዚያ ያስመከነ ሰው አለ? ያሳድሯቸዋል ወይስ በዕለቱ ይሸኟቸዋል? ወይስ በቦሌና በአያት በኩል፣ ክብደቷን መዝኖ ማደንዘዣ የሚሰጥና ማታ ሲደወልለት ስልክ የሚያነሳ ሐኪም ታውቃላችሁ? ስንት እንዳስከፈሏችሁም ብትነግሩኝ ውለታ ነው።