የኤሊክሰርን ፓይፕ ሃስኬል ላይ ልጠቀም ብዬ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ጓዶች። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃ ሲጠፋ በቦቴ እናስመጣና ወጪውን ለየቤቱ እናካፍላለን፣ ያንን ሒሳብ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም በሃስኬል እየጻፍኩ ነው። የለመድኩት ኤሊክሰር የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ስለሆነ ፓይፑ |> ናፈቀኝና ራሴ ሠራሁት፤ በግራ ያለውን ዋጋ በቀኝ ላለው ፈንክሽን ይሰጣል፣ ኢንፊክስኤል 1 (ከግራ ወደ ቀኝ የሚያያዝ፣ ቅድሚያው ዝቅ ያለ) ብዬዋለሁ። (ዳታ ፈንክሽን በሚባለው የሃስኬል ሞጁል ውስጥ ያለው & ያው ሥራ እንደሚሠራ አውቃለሁ፣ ግን ዓይኔ አልለመደውም።)

ከማፕና ከፊልተር ጋር አሪፍ ነው። 6000 ብር ለ12 ቤት ላካፍል ብዬ ወደ «ዲቭ 12» (ዲቭ የሙሉ ቁጥር ማካፈያ ነው) ሳሳልፈው ግን 500 መሆን ሲገባው 0 ይለኛል። ኤሊክሰር የመጣውን ዋጋ መጀመሪያ ቦታ ላይ ይሰካዋል፣ እዚህ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ 12ን ለ6000 ያካፍልልኛል። ኮምፓይለሩም ጭጭ፣ ሁለቱም ኢንቲጀር ናቸዋ! የሁለቱን ዋጋዎች ቦታ የሚያቀያይረውን «ፍሊፕ» ስጨምርበት ይስተካከላል፣ ዲቭን በባክቲክ ከብቤ ቅንፍ ውስጥ ሳስገባውም እንደዚያው። ሦስት አርጊዩመንት የሚቀበል ፈንክሽን ጋ ስደርስ ግን አንድ ፍሊፕም አይበቃም፣ ፍሊፕ መደራረብ ወይ ላምዳ (ስም የሌለው ፈንክሽን) መጻፍ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ፓይፑ ምን ጠቀመኝ?

ዋጋውን ሁልጊዜ መጀመሪያ ቦታ ላይ የሚሰካ |> በተራ ኦፐሬተር መሥራት ይቻላል ወይስ የግድ ቴምፕሌት ሃስኬል (ኮምፓይል ሲደረግ ኮድ የሚያመነጨው) ውስጥ መግባት አለብኝ?