ኡቡንቱ ጫንኩ፤ ዋይፋዩ ግን «የለም» ይለኛል

ወለላ (ጠያቂ)

ሰላም ቤተሰብ። ላፕቶፔ ላይ ከዊንዶውስ 10 ጎን ኡቡንቱ 24.04 ጫንኩ። ጭነቱ በሰላም አለቀ። ድምፁ ይሠራል፣ ስክሪኑ ይሠራል፣ ታችፓዱም ደህና ነው። ዋይፋይ ብቻ የለም። ሴቲንግ ገብቼ ዋይፋይ የሚለውን ስነካ «የዋይፋይ አዳፕተር አልተገኘም» ይለኛል። የኔትወርክ ዝርዝር የለ፣ ማብሪያ ማጥፊያ የለ።

ወደ ዊንዶውስ ስመለስ እዚያው ዋይፋይ ላይ ወዲያው ይገናኛል። ስለዚህ ካርዱ አልተበላሸም። ላፕቶፑ የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ የለውም። ኢንተርኔት ከሌለኝ ድራይቨር እንዴት ነው የማወርደው? ተርሚናል ገና አዲስ ነኝ፤ እባካችሁ ቀለል አድርጋችሁ አስረዱኝ።

ነገ እጀምራለሁ

ሌላ ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱ ያለ ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) ሞክሪ። እኔ ሚንት ነው የምጠቀመው፣ ዋይፋይ አስቸግሮኝ አያውቅም።

አባ ከርነል

ዲስትሮ መቀየር እዚህ ላይ ብዙም አይጠቅምም። ሚንት ራሱ ኡቡንቱ ላይ የቆመ ነው። ካርዱን የሚያናግሩት ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) እና ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሁለቱም ጋ ያው ናቸው። የአንተ ካርድ ሌላ ስለሆነ ነው ያላስቸገረህ።

እህቴ፣ መጀመሪያ ምን ካርድ እንዳለሽ እንወቅ። ያንን ሳናውቅ የምንሰጥሽ መልስ ሁሉ ግምት ነው። ኮንትሮል፣ ኦልት እና ቲ አንድ ላይ ስትጫኚ ተርሚናል ይከፈታል። እዚያ ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» ብለሽ፣ ክፍተት ትተሽ፣ ሰረዝ አድርገሽ «ኤንኤንኬ» ጻፊ። (ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ነው የምጽፋቸው። ተርሚናሉ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ነው የሚገቡት።) ብዙ ጽሑፍ ይመጣል፣ አትደንግጪ። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን መስመርና ከሥሩ ያሉትን ሁለት ሦስት መስመሮች ብቻ ላኪልን።

ካርዱ ዝርዝሩ ውስጥ ጨርሶ ከሌለ ወይ በዩኤስቢ የሚሠራ ነው፣ ወይ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ላይ ተዘግቷል። በዩኤስቢ ከሆነ «ኤልኤስዩኤስቢ» ያሳይሻል።

ጥቁር ስክሪን

አባ ከርነል ያለው እንዳለ ሆኖ፣ «አርኤፍኪል ሊስት» ብለሽም እይ። ሬዲዮው ተዘግቶ እንደሆነ የሚነግርሽ እሱ ነው። «ሶፍት ብሎክድ» የሚለው ፊት «የስ» ካለ በሶፍትዌር ነው የተዘጋው፤ «ሱዶ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ መብት ያስኬዳል)። «ሃርድ ብሎክድ» ላይ «የስ» ካለ ግን ትእዛዝ አይፈታውም። ላፕቶፑ ጎን ላይ ትንሽ ማብሪያ፣ ወይም ኪቦርዱ ላይ የአንቴና ምልክት ያለበት ቁልፍ ፈልጊ።

ወለላ

አመሰግናለሁ። አርኤፍኪል ላይ ብሉቱዝ ብቻ ነው የወጣው፣ እሱም አልተዘጋም። ስለ ዋይፋይ ምንም አይልም።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ያወጣው ይሄን ነው፦ ብሮድኮም ቢሲኤም 43142፣ ቅንፍ ውስጥ 14ኢ4፡4365። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» ይልና «ቢሲኤምኤ-ፒሲአይ-ብሪጅ» ይላል። ድራይቨር አለው ማለት ነው አይደል? ታዲያ ለምን አይሠራም?

አባ ከርነል

አሁን ነገሩ ተገለጠ። ያ ስም ብዙ ሰው አሳስቷል። ቢሲኤምኤ የዋይፋይ ድራይቨር አይደለም። ስሙ እንደሚለው ድልድይ ነው፤ ካርዱ ድረስ ያደርሳል እንጂ ሬዲዮውን አያናግርም። ከድልድዩ ማዶ የሚጠብቅ ትክክለኛ ድራይቨር ከሌለ ሲስተሙ ዋይፋይ እንዳለሽ አያውቅም። አርኤፍኪል ዝም ያለውም ለዚህ ነው።

14ኢ4 የብሮድኮም መለያ ነው፣ 4365 ደግሞ የዚህ ካርድ። (ለሌሎቻችሁ፦ 8086 ካያችሁ ኢንቴል ነው፣ 10ኢሲ ሪልቴክ።) ነፃው «ቢ43» የሚባለው ድራይቨር ይሄን ካርድ አይደግፍም፤ ብትጭኚውም ጊዜሽን ነው የሚበላው። የሚያስፈልግሽ ብሮድኮም ራሱ ያዘጋጀው «ደብሊውኤል» የሚባለው ነው። ኮዱ ዝግ ስለሆነ ከኡቡንቱ ጋር አብሮ በርቶ አይመጣም፤ ለብቻው ይጫናል።

ድልድይ

እኔም መጣሁ፣ ስሜ ሲነሳ 😄

ኢንተርኔቱን በስልክሽ እንፍታው። አንድሮይድ ስልክሽን በቻርጀር ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ ሰኪ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ያለበት ቦታ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚል አለ፣ እሱን አብሪ። ኡቡንቱ እንደ ኬብል ኔትወርክ ቆጥሮ ራሱ ይገናኛል፣ ምንም አትጭኚም። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያጋራው ያንኑ ዋይፋይ ነው፤ የሞባይል ዳታሽ አይነካም። ኬብሉ ግን ዳታ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል ከሆነ ምርጫው ደብዝዞ ነው የምታገኚው።

ከዚያ ተርሚናል ሳያስፈልግሽ «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቺ። «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚል ታብ አለው። ትንሽ ይፈልግና ብሮድኮምን ያወጣልሻል። የብሮድኮሙን ድራይቨር ምረጪ፣ «አፕላይ» በዪ፣ ሲጨርስ ሪስታርት።

ወለላ

ቴዘሪንጉ ሠራ! ድራይቨሩንም ጫንኩ። ሲጫን ስለ ሴኪውር ቡት የሆነ ነገር አወራና ፓስዎርድ አውጪ አለኝ፣ አወጣሁ። ሪስታርት ሳደርግ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ምን እንደሚል ሳነብ ራሱ አለፈና ኡቡንቱ ገባ። ዋይፋይ አሁንም የለም። «ሱዶ ሞድፕሮብ ደብሊውኤል» የሚል ምክር አይቼ ሞከርኩ፤ «ኪይ ዋዝ ሪጄክትድ ባይ ሰርቪስ» አለኝ።

ነገ እጀምራለሁ

ባዮስ ግቢና ሴኪውር ቡትን አጥፊው፣ በቃ ያልቃል።

ድልድይ

ያልቃል፣ ግን ዊንዶውስ አላት እኮ። ዊንዶውሷ ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ካለው፣ ሴኪውር ቡት ሲጠፋ በሚቀጥለው ማስነሻ ላይ 48 አሃዝ ያለው የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቃት ይችላል። ያን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ካላወቀች ሌላ ጣጣ ነው። ሳያጠፉት የሚፈታ ነገር ነው።

አባ ከርነል

ድልድይ ልክ ነው። ወለላ፣ ድራይቨሩ በደንብ ተጭኗል። ችግሩ ፊርማ ነው። ሴኪውር ቡት ሲበራ ከርነሉ የሚያምነው ቁልፍ ያልፈረመበትን ሞጁል (እንደዚህ ያለ ድራይቨር) አያስገባም። «ደብሊውኤል» የተገነባው አንቺው ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ የፈረመበት ቁልፍም የዚያው የላፕቶፕሽ ነው። ያንን ቁልፍ ማሽኑ እንዲያምነው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ያለፈሽ ሰማያዊ ስክሪን የምዝገባው ነበር። የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቁልፍ ካልተጫኑ ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ ካለፈ ደግሞ ጥያቄው ይሰረዛል፣ በሚቀጥለው ሪስታርት ራሱ አይመለስም።

እንደገና እንጥራው። ተርሚናል ላይ እንዲህ ጻፊ፦ ሱዶ፣ ክፍተት፣ ሞክዩቲል (ኤም፣ ኦ፣ ኬ፣ ዩ፣ ቲ፣ አይ፣ ኤል)፣ ክፍተት፣ ሁለት ሰረዝ ተከታትሎ «ኢምፖርት»፣ ክፍተት፣ ከዚያ የቁልፉ መገኛ። መገኛው ከዋናው ፎልደር ጀምሮ ቫር፣ ሊብ፣ ሺም-ሳይንድ፣ ሞክ እያለ ይሄዳል፤ ፋይሉ «ሞክ ነጥብ ዲኢአር» ነው። ከፋይሉ ስም «ሞክ» የሚለው ብቻ በትልቁ ፊደል ነው። መንገዱን ስትጽፊ ታብ እየተጫንሽ ሂጂ፣ ራሱ ይሞላልሻል።

ፓስዎርድ ሁለት ጊዜ ይጠይቅሻል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አታክብጂው፤ ቁጥር ብቻ ይሁን። ሰማያዊው ስክሪን ኪቦርዱን እንደ አሜሪካ አቀማመጥ ስለሚያነብ ልዩ ምልክት ከገባ ፓስዎርዱ ልክ ሆኖ ሳለ ስህተት ነው ይልሻል።

ከዚያ ሪስታርት አድርጊና ስክሪኑን ትተሽ አትነሺ። ሰማያዊው ሲመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኚ። «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ፓስዎርዱ፣ «ሪቡት»። በዚሁ ቅደም ተከተል።

ወለላ

ሠራ!!! ጋሽ ከርነል እግዜር ይስጥልኝ። የዋይፋይ ምልክቱ ላይኛው ጥግ ላይ ብቅ አለ፣ ይሄን የምጽፈውም በሱ ነው። ድልድይ አንተም ተባረክ።

ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። አንደኛ፣ ራውተራችን ሁለት ስም ነው የሚያወጣው፤ መጨረሻው ላይ «5ጂ» የሚለው አይታየኝም። ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን ትንሽ ካልነካሁት ገጽ ለመክፈት ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል።

ጥቁር ስክሪን

የመጀመሪያውን እርሺው። 43142 በ2.4 ጊጋኸርትዝ ብቻ ነው የሚሠራው። ዊንዶውስ ላይም 5ቱን አይተሽው አታውቂም፣ አረጋግጪ። ካርዱ ባለሁለት ባንድ ሆኖ 5 ጊጋኸርትዝ ያልታየው ሰው ካለ ግን «አይደብልዩ ሬግ ጌት» ይበል። አገሩ ላይ 00 ካለ፣ ካርዱ የት አገር እንዳለ አያውቅምና የተወሰኑ ቻናሎችን ከጥንቃቄ ይዘጋል። 2.4 ላይም ቻናል 12 እና 13 የሚጠፉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ራውተሩን ከ1፣ 6 እና 11 አንዱ ላይ ማድረግ አቋራጩ ነው።

ሁለተኛው ፓወር ሴቪንግ ይመስለኛል። ኡቡንቱ ባትሪ ለመቆጠብ ሬዲዮውን በየመሃሉ ያስተኛዋል፣ አንዳንድ ካርድ ደግሞ ሲነቃ ይደናበራል። ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ኔትወርክማናጀር፣ እሱ ውስጥ «ኮንፍ ነጥብ ዲ» አለ። እዚያ ስሙ «ዲፎልት-ዋይፋይ-ፓወርሴቭ-ኦን» የሚል ፋይል ታገኛለሽ። በ«ሱዶ ናኖ» ክፈቺው። «ዋይፋይ ነጥብ ፓወርሴቭ» የሚለው 3 ነው፤ 2 አድርጊው። 3 ማለት ይብራ፣ 2 ማለት ይጥፋ። 0 አድርጊ የሚል ምክር ካየሽ እለፊው፤ 0 ማጥፊያ አይደለም፣ ወደ ነባሪው መመለሻ ነው። ከዚያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኔትወርክማናጀር»፤ እዚህ ኤንና ኤም በትልቁ።

ቀጥታ መስመር

በዚሁ ልጠይቅ። የእኔ ኢንቴል ነው፣ ኡቡንቱ ላይ ወራት ሠርቷል። ትናንት ዊንዶውስ ገብቼ ዘግቼ ስመለስ ዋይፋዩ ጠፋ። ሪስታርት ባደርግም ያው ነው።

አባ ከርነል

ዊንዶውስን «ሻት ዳውን» ስትለው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ከበራ ግማሹን እንቅልፍ ላይ ነው የሚተወው፣ ካርዱንም በዚያው ሁኔታ ለሊኑክስ ያስረክበዋል። ዊንዶውስ ግባ፣ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ላይ የፓወር ቁልፉ የሚሠራውን ከምትመርጥበት ቦታ አጥፋው። ከዚያ አንድ ጊዜ በደንብ ዝጋ፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ትንሽ ቆይተህ አስነሳ።

ካልሆነ «ሱዶ ዲሜስግ» ብለህ «አይደብልዩኤልዋይፋይ» ያለበትን መስመር ፈልግ። ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚጫን ሶፍትዌር) መጫን አልቻልኩም ብሎ መጨረሻው ላይ −2 ከጻፈ ፋይሉ የለም ማለት ነው። «ሊኑክስ-ፈርምዌር» የሚባለውን ጥቅል አዘምን። ሌላ ቁጥር ከሆነ ሙሉውን መስመር እዚህ ለጥፍ።

ቀጥታ መስመር

ፋስት ስታርትአፕ ነበር። ተመለሰ፣ አመሰግናለሁ። ይሄ ነገር ከትልቁ አፕዴት በኋላ ራሱ በርቶ ነው ያገኘሁት፤ እኔ ድሮ አጥፍቼው ነበር።

ወለላ

የእኔም 2 ካደረግኩት ወዲህ አልተቋረጠም። 5ጂውም እውነትም ዊንዶውስ ላይ የለም 😅 አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኡቡንቱ አፕዴት ይለኛል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ከርነል አለ። ብጭነው ዋይፋዩ ይጠፋል?

አባ ከርነል

አይጠፋም፣ መጥፋት የለበትም። «ዲኬኤምኤስ» የሚባለው ነገር ከርነል በተቀየረ ቁጥር ድራይቨሩን እንደገና ይገነባል፣ በዚያው በተመዘገበው ቁልፍ ይፈርማል። ሰማያዊው ስክሪን ድጋሚ አይመጣብሽም። የሚያሰናክለው ነገር የአዲሱ ከርነል «ሄደርስ» (ድራይቨሩን ለመገንባት የሚያስፈልጉ ፋይሎች) አለመጫኑ ነው። ስለዚህ ከአፕዴቱ በፊት ከርነልሽን የሚከተለው የሄደርስ ጥቅል መኖሩን አረጋግጪ።

ምናልባት ከጠፋ ደግሞ ስልክ መፈለግ አያስፈልግሽም። ሲነሳ ግራብ (ሲስተም የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግቢ፣ የድሮውን ከርነል ምረጪ፣ ዋይፋዩ እዚያ አለ። ገብተሽ «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» በዪ። ከአዲሱ ከርነል ቁጥር ጎን «ኢንስቶልድ» የማይል ከሆነ ሄደሩ ጎድሏል፤ ጫኚው፣ ሪስታርት አድርጊ።