ጥቆማ፦ የፈራና የተጨነቀ ፊት በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሐዋሳ ላይ ምን ያዋጣል?

«ገጸ ባሕርያቴ ሲፈሩ ሁሌ ዓይናቸው ይፈጣል፣ ሌላ ምን ልበል?» ላልሽው እህቴ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቴዛውረስ (የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ) አትግዢ። ቃሉን ይደረድርልሻል እንጂ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሄድ አይነግርሽም። የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚያሳየው የኦክስፎርድ ኮሎኬሽንስ ዲክሽነሪ ይሻላል። «ፌስ» (ፊት) የሚለውን ገልጠሽ «ፔል»ን (የገረጣ)፣ «አሸን»ን (አመድ የመሰለ)፣ አብረዋቸው የሚሄዱትን ግሶች ጭምር ታገኛለሽ። ፒያሳ መጻሕፍት አዟሪዎችን ጠይቂ፤ ፎቶ ኮፒ ከሆነ ግን መሀል መሀሉን ግለጪው፣ ጥራዙ የመስመሩን ጫፍ የዋጠበት አይጠፋም።

የሎንግማን መዝገበ ቃላት ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ፍቺውን በ2,000 ገደማ ቀላል ቃላት ስለሚሰጥ «ፍራውን»ና «ዊንስ» አይምታቱብሽም። «ፍራውን» ቅንድብ መቋጠር ነው፣ ለጭንቀትም ለንዴትም ይሆናል። «ዊንስ» ግን ሕመም ወይም እፍረት ድንገት ፊትን ሲያኮማትረው ነው፤ ለፍርሃት አትጠቀሚበት።

አጫጭር ኮርሶች? ብዙዎቹ ለአይልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ያዘጋጃሉ። ስሙን ልተወውና አንዱ ጋ የተሰጠን የቅጽል ዝርዝር ብቻ ነበር። ከመክፈልሽ በፊት አስተማሪው ያረመውን የተማሪ ድርሰት አሳዩኝ በይ፤ ሰዋስው ብቻ አርሞ ከሆነ ይቅርብሽ።

ከሁሉ የጠቀመኝ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤክማንና ፍሪሰን በ1978 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት፣ የፊት ጡንቻዎችን እንቅስቃሴ በቁጥር የሚመዘግበው ዘዴ ነው። ሙሉው ከባድ ነው፤ አንቺ የምትፈልጊው ትንሽ ነው። ሳይፈራ ድንገት የተገረመ ሰው ቅንድቡ ወደ ላይ ብቻ ይወጣል፣ አፉ ይከፈታል። የፈራ ሰው ግን ቅንድቡ ወጥቶ ወደ መሀልም ይሳባል፣ የላይኛው የዓይኑ ቆብ ይነሳል፣ ከንፈሩ ወደ ጎን ይለጠጣል። ዓይን መፍጠጡ የሁለቱም ስለሆነ ነው ያንቺ አንባቢ የሚምታታበት።

ለልምምድ ደግሞ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ግቢ። ፔናልቲ ሲሰጥ ስክሪኑን ትተሽ ሰዉን እዪ። ቡድኑ የተቀጣበት ሰው ቅንድቡ ይሰበሰባል፣ ከንፈሩን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ኦቾሎኒው አፉ ውስጥ እያለ ማኘኩን ያቆማል። «ሂ ስቶፕድ ቹዊንግ» (ማኘኩን አቆመ) ብለሽ ብትጽፊ ከ«ቴሪፋይድ» (በጣም የፈራ) ይበልጣል ባይ ነኝ። ስልክ ደቅነሽ ግን አትቅረጪ፣ ሰው ይቀየምሻል፤ ወጣ ብለሽ ማስታወሻሽ ላይ ጻፊው።